ቅርጹን የሚለውጥ ሞለኪውል፦ ከሄሞግሎቢን ታሪክ የምንማረው
(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



 የዛሬው ርእሴ በማንኛውም የሥነ ሕይወት መማሪያ መጽሐፍ የሚገኝ ነው፤ የሕይወታዊ ሞለኪውሎች አወቃቀርና ተግባር። ተማሪዎቻችን «አወቃቀር ተግባርን ይወስናል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሸምድደው በፈተና ላይ ይጽፉታል፤ ነጥብም ያገኙበታል። ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው። ሆኖም ወደ ታሪኩ ስንመለስ አንድ ሞለኪውል ምን እንደሚመስል ማወቅና ምን እንደሚሠራ ማወቅ የተለያዩ ድካሞች እንደ ነበሩ እናያለን። ይህንን ለማሳየት አንድ ሞለኪውል ብቻ መርጫለሁ፤ እርሱም ደማችንን ቀይ የሚያደርገው ሄሞግሎቢን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከተግባሩ ልጀምር። በአንድ ሊትር ደም ውስጥ በመሟሟት ብቻ ሊያዝ የሚችለው ኦክስጅን 3 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ሄሞግሎቢን ሲኖር ግን መጠኑ ወደ 200 ሚሊ ሊትር ከፍ ይላል። በእያንዳንዱ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ወደ 270 ሚሊዮን የሚጠጉ የሄሞግሎቢን ሞለኪውሎች ታጭቀው ይገኛሉ። ነገር ግን የዚህ ሞለኪውል ሥራ መሸከም ብቻ አይደለም። የተሸከመውን በሚፈለግበት ቦታ ማራገፍም አለበት። ኦክስጅንን አጥብቆ ይዞ የማይለቅ ተሸካሚ ለጡንቻም ሆነ ለአንጎል አይጠቅምም።

ይህን ጸባይ በቁጥር ካሳዩት ሰዎች አንዱ የዴንማርኩ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ክርስቲያን ቦር ነበር። በ1904 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት ደም ኦክስጅንን የሚይዝበት መጠን በሥዕል ሲሰፍር ቀጥ ያለ መስመር እንደማይሠራ አሳየ። መስመሩ መጀመሪያ ያዘግማል፤ ከዚያ ሽቅብ ይወረወራል፤ በመጨረሻም ይጋደማል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ደግሞ ደም ኦክስጅኑን በቀላሉ ይለቃል። በሌላ አነጋገር ሞለኪውሉ የመጀመሪያውን ኦክስጅን የሚቀበለው በማመንታት ሲሆን ቀጣዮቹን ግን በቀላሉ ይቀበላል። ተግባሩ በዚህ መልክ ታወቀ፤ ምክንያቱ ግን ከስድሳ ዓመታት በላይ ሳይታወቅ ቆየ።

የምክንያቱ ፍለጋ በሁለት መንገድ ተጓዘ። አንደኛው በበሽታ በኩል የመጣ ነው። በ1910 የቺካጎው ሐኪም ጄምስ ሄሪክ ከግሬናዳ ደሴት የመጣ አንድ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ደም ውስጥ የማጭድ ቅርጽ ያላቸው ቀይ ሕዋሳት ማየቱን ጻፈ። በ1945 ኬሚስቱ ላይነስ ፖሊንግ ስለዚህ በሽታ ከአንድ ሐኪም ሲሰማ አንድ ነገር ቀልቡን ሳበው። ሕዋሳቱ የሚታጠፉት ኦክስጅናቸውን ሲያጡ ነበር። ኦክስጅንን የሚይዘው ሄሞግሎቢን ከሆነ ጥፋቱ ከሕዋሱ ቅርፊት ይልቅ በሞለኪውሉ ውስጥ መሆን አለበት ብሎ አሰበ። በ1949 ከሃርቪ ኢታኖና ከሌሎች ሁለት ባልደረቦቹ ጋር የሕሙማኑ ሄሞግሎቢን በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ከጤነኞቹ በተለየ ፍጥነት እንደሚጓዝ አረጋገጠ። ጽሑፋቸው በሽታውን «የሞለኪውል በሽታ» ብሎ ሰየመው። የሰው ሕመም በአንድ ሞለኪውል ላይ ባለ ልዩነት ሲገለጽ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ሁለተኛው መንገድ የቅርጽ ፍለጋ ነው። በ1936 ማክስ ፔሩትዝ የተባለ ወጣት ከቪየና ወደ ካምብሪጅ መጣ፤ በ1937ም የሄሞግሎቢንን ክሪስታል በኤክስ ሬይ ማጥናት ጀመረ። በዚያን ጊዜ በዚህ ዘዴ የሚታወቁት ሞለኪውሎች ጥቂት አቶሞች ብቻ ያሏቸው ነበሩ። ሄሞግሎቢን ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ አቶሞች አሉት። ጨረሩ ከክሪስታሉ ውስጥ አልፎ በፊልም ላይ ነጠብጣቦችን ያሳርፋል፤ ከነጠብጣቦቹ ተነሥቶ ወደ ቅርጹ የሚመለስ መንገድ ግን አልነበረም። በ1940 ፔሩትዝ የጠላት አገር ዜጋ ተብሎ ታሰረ፤ ወደ ካናዳም ተላከ፤ በ1941 ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። መውጫው የተገኘው በ1953 ነው። በሞለኪውሉ ላይ የሜርኩሪ አቶሞችን ቢያጣብቅ ቅርጹ ሳይዛባ የነጠብጣቦቹ ብርታት እንደሚለወጥ አየ። ልዩነቱን በማስላትም ወደ ቅርጹ መድረስ ተቻለ።

የሥራ ባልደረባው ጆን ኬንድሩ ከዓሣ ነባሪ ጡንቻ የተገኘውን አነስተኛ ዘመድ ማዮግሎቢንን አስቀድሞ አሳየ። ፔሩትዝም በ1959 የሄሞግሎቢንን የመጀመሪያ ቅርጽ አገኘ። ሥራው 22 ዓመት ፈጅቶ ነበር። አራት የተጠማዘዙ የፕሮቲን ሰንሰለቶች አንድ ላይ ተቃቅፈው፣ እያንዳንዳቸውም አንድ የብረት አቶም ይዘው ታዩ። በ1962 ሁለቱ ሰዎች የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

እዚህ ላይ ቆም እንድንል እፈልጋለሁ። ብዙ የታሪክ ጽሑፎች ትረካውን በሽልማቱ ይደመድሙታል። ነገር ግን ያ ሥዕል የቦርን ጥያቄ አልመለሰም። አራቱ የብረት አቶሞች ተራርቀው ተቀምጠዋል። ታዲያ አንደኛው ኦክስጅን መያዙን ሌላው በምን ያውቃል? በ1938 ፊሊክስ ሃውሮዊትዝ አንድ ምልክት ሰጥቶ ነበር። ኦክስጅን የሌለው የሄሞግሎቢን ክሪስታል ኦክስጅን ሲያገኝ ቅርጹ እንደሚለወጥ ጽፏል። በ1963 ሂላሪ ሙይርሄድና ፔሩትዝ ኦክስጅን የለቀቀው ሞለኪውል ሰንሰለቶች አቀማመጣቸው የተለየ መሆኑን አሳዩ። በ1970 ፔሩትዝ ሁለቱን ቅርጾች አነጻጽሮ ማብራሪያውን አቀረበ። ኦክስጅን ሲጣበቅ የብረቱ አቶም ከሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ እንኳ ያነሰ ርቀት ይንቀሳቀሳል። እርሱም የተያያዘውን ሰንሰለት ይስባል፤ በመጨረሻም የሞለኪውሉ ግማሽ በሌላው ግማሽ ላይ ይዞራል። ይህ ዙረት ለቀሪዎቹ የብረት አቶሞች በሩን ይከፍታል። ስለዚህ ተግባሩን ለመረዳት አንድ ቅርጽ ማየት አልበቃም፤ ሁለቱን ቅርጾችና በመካከላቸው ያለውን እንቅስቃሴ ማየት አስፈለገ።

ሁለቱ መንገዶች የተገናኙትም በዚህ ነጥብ ላይ ነው። በዚያው በካምብሪጅ ቨርነን ኢንግራም በ1956 እና በ1957 ባወጣቸው ሥራዎች የማጭድ ሕዋስ ሄሞግሎቢን ከጤነኛው የሚለየው በአንድ አሚኖ አሲድ ብቻ መሆኑን አሳየ። 146 አሚኖ አሲዶች ባሉት ቤታ ሰንሰለት ላይ፣ በስድስተኛው ቦታ፣ ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን ተተክቷል። ሞለኪውሉ ኦክስጅን ሲይዝ ይህ ለውጥ ያን ያህል ጉዳት የለውም። ኦክስጅኑን ለቅቆ ወደ ሌላው ቅርጽ ሲዞር ግን በጎረቤቱ ሞለኪውል ላይ ቫሊኑ የሚገባበት ስርጉድ ይከፈታል። ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እየተሰካኩ ረጃጅም ዘንጎች ይሠራሉ፤ ዘንጎቹም ሕዋሱን ያጣምሙታል። ጤነኛውን ሰው የሚያኖረው የቅርጽ ለውጥ ለታማሚው የሥቃይ መነሻ ሆነ።

ጉዳዩ ግን በሞለኪውሉ ብቻ አያበቃም። በ1954 አንቶኒ አሊሰን ይህን ለውጥ ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሱ ሰዎች ከከባድ የወባ በሽታ የተሻለ መከላከያ እንዳላቸው በምሥራቅ አፍሪካ ባደረገው ጥናት አሳየ። ያው ለውጥ በአንድ ቦታ ጉድለት ሲሆን በሌላው ጋሻ ነው።

ወደ አገራችንም እንምጣ። በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በስሜን ተራሮች አካባቢ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ደም መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። በዚህ ከፍታ የሚኖሩ የአንዲስ ተራሮች ሰዎች የሄሞግሎቢን መጠናቸው ከፍ ያለ ነው፤ የቲቤት ሰዎች ደግሞ በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት ዝቅ ያለ ነው። የእኛዎቹ ደገኞች ግን ከሁለቱም ተለዩ። በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ወንዶቹ በአማካይ 15.9፣ ሴቶቹ 15.0 ግራም ሄሞግሎቢን ነበራቸው፤ የኦክስጅን ሙሌታቸውም 95.3 በመቶ ነበር። ይህ ከባሕር ጠለል ነዋሪዎች ጋር የሚቀራረብ ነው። የሞለኪውሉን ቅርጽ በዝርዝር የሚያውቅ ሰው እንኳ ይህን ውጤት ከቅርጹ ብቻ አንብቦ ሊተነብየው አይችልም ነበር። ሳንባው፣ ልቡ፣ ዘረመሉና የሚኖርበት አየር አብረው ካልተጠኑ ተግባሩ ሙሉ አይሆንም።

ይህን ሁሉ የምናገረው ለተማሪዎቼ የታሪክ ጌጥ ለመጨመር አይደለም። «የሞለኪውል በሽታ» የሚለው ስም በ1949 ተሰጠ። የፅንስ ዘመን ሄሞግሎቢንን የሚያበረታታው ሃይድሮክሲዩሪያ በአሜሪካ ለዚህ በሽታ የተፈቀደው በ1998 ነው። ዘረመልን በማረም የሚሰጠው ሕክምና ደግሞ በ2023 መገባደጃ በብሪታንያና በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በአሜሪካ በወቅቱ የወጣለት ዋጋ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በሽታው ያለባቸው ሕፃናት በብዛት የሚወለዱት ግን በአፍሪካ ነው። ምክንያቱን ማወቅና ታማሚው ዘንድ መድረስም እንዲሁ ሁለት የተለያዩ ድካሞች ናቸው፤ ሁለተኛው ድካም ገና አልተጠናቀቀም።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን «አወቃቀር ተግባርን ይወስናል» ብለው ሲጽፉ ሦስት ጥያቄዎችን እንዲያስከትሉ እመኛለሁ። ቅርጹ ወደ ምን ይለወጣል? የሚለወጠው በማን አካል፣ በየትኛው አየር ውስጥ ነው? እውቀቱስ ለማን ደረሰ? የስሜን ደገኞች ደም ያነሣው ጥያቄ ከደጃችን የተነሣ ነው። መልሱም ከዚህ አዳራሽ ከሚወጡ ወጣቶች ቢገኝ ተገቢ ነው።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።