መረዳጃ ተብሎ የተመዘገበው ጥያቄ

እንጦጦ ማርያም ግቢ ቆሞ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው አዲስ አበባ ከእግሩ ሥር ተዘርግታ ትታያለች። በስተቀኝ ጉለሌ፣ በስተግራ የካ። ሁለቱም ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት በዚህ ምድር ከብት ያረቡ የነበሩ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ስሞች ናቸው። ስምንት ማዕዘን ሆኖ በተሠራው ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት ተባሉ። ጎን ለጎን በጭቃ ተመርጎ ኖራ የተቀባው የምኒልክ አዳራሽ ዛሬም ይጎበኛል። የየአገሩ ንጉሥና ራስ እያነሰ፣ መሃሉ እየገነነ የሄደበት ዘመን ከዚህ ኮረብታ ጀመረ ማለት ይቻላል።

ይህ ከሆነ ከ73 ዓመት በኋላ፣ በጥር 1955 ዓ.ም.፣ በዚያው ኮረብታ ግርጌ ባደገችው ከተማ በሁለት የኦሮሞ ነገዶች ስም የተሰየመው «የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር» ተመሠረተ። ሊቀመንበሩ ኮሎኔል ዓለሙ ቂጤሳ ነበሩ። መተዳደሪያ ደንቡን በማርቀቅ ስማቸው የሚነሳው ደግሞ የሕግ ባለሙያው አቶ ኃይለማርያም ገመዳ ናቸው። ማኅበሩ ቀደም ብለው በከተማዋ የነበሩ ትንንሽ የአገር ልጆች መረዳጃዎችን አሰባስቦ የቆመ ሲሆን፣ ሕጋዊ መሠረቱም የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመሰብሰብ መብትና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማኅበራት የደነገገው ክፍል ነበር። ያኔ የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር በአገሪቱ አይፈቀድም። ለተማረው ሰው ክፍት የነበረው በር የዕድርና የመረዳጃ በር ብቻ ነው። የጉራጌ ልጆች በዚያው በር ገብተው መንገድ ሠርተዋል። ሜጫና ቱለማም ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ መንገድ ብሎ ነው የጀመረው።

ይህን ማኅበር እነማን አቆሙት? መልሱ ብዙ ጊዜ በችኮላ የሚታለፍ ቢሆንም የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው። የጦርና የፖሊስ መኮንኖች፣ የመንግሥት ጸሐፊዎች፣ ጠበቆች፣ መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። አብዛኞቹ ከመንግሥት ደመወዝ የሚበሉ፣ መንግሥቱ ባይኖር ከሁሉ በፊት የሚጎዱ ሰዎች። ታዲያ ምን ጎደላቸው? ደመወዝተኛው ወር ሲደርስ በከተማ ይከፈለዋል፤ ለበዓል አገር ቤት ሲወርድ ግን አባቱን በባላባት መሬት ላይ ጢሰኛ ሆኖ ያገኘዋል። ታናሽ ወንድሙ የሚማርበት ትምህርት ቤት የለም። እናቱ ፍርድ ቤት ስትቆም አስተርጓሚ ትለምናለች፤ ሕገ መንግሥቱ አማርኛን ብቻ የመንግሥት ቋንቋ አድርጎታልና። እርሱም በቢሮ የእናቱን ቋንቋ ዝቅ አድርጎ መናገርን ለምዷል። ልዩነቱን በየወሩ በዓይኑ የሚያየው፣ የመናገሪያ ፊደልና የመሰብሰቢያ ገንዘብም ያለው ይህ ሰው ነው። ገበሬው መከራውን ያውቃል፤ በደንብ አንቀጽ ጽፎ፣ ማኅተም አስቀርጾ፣ መዋጮ ሰብስቦ ያደራጀው ግን ደመወዝተኛው ነው።

የጄኔራል ታደሰ ብሩ ሕይወት ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ያሳየናል። የሰላሌ ተወላጅ ናቸው። በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ከዙፋኑ ጎን ቆመው ሙከራውን በማክሸፍ ስም ያተረፉ የፖሊስ መኮንን ነበሩ። በ1954 ክረምት ኔልሰን ማንዴላ ኮልፌ ፈጥኖ ደራሽ ሰፈር ወታደራዊ ሥልጠና ሲወስድ የተቀበሉት፣ ሲሄድም ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት ያስታጠቁት እርሳቸው መሆናቸውን ማንዴላ በግለ ታሪኩ መስክሯል። የመሃይምነት ማጥፋት ዘመቻውንም ይመሩ ነበር። ብዙዎች አማራ ናቸው ብለው ይገምቷቸው ነበር። ስለ ኦሮሞ ልጆች ትምህርት ከጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ጋር ያደረጉት ንግግር ልባቸውን እንደሰበረው በቅርብ የሚያውቋቸው ደጋግመው ተርከዋል። በ1956 ዓ.ም. ማኅበሩን ተቀላቀሉ። ንጉሠ ነገሥቱን ያተረፈ መኮንን አባል ሲሆን ፈሪው ሁሉ ደፈረ፤ ማኅበሩም ከአዲስ አበባ ወጥቶ በየአውራጃው ቅርንጫፍ አወጣ። ከሌሎች የደቡብ ሕዝቦች የመጡ አባላትም ነበሩት።

በ1958 ግንቦት አርሲ ኢተያ ላይ የተጠራው ስብሰባ የነገሩን መልክ ለወጠው። የሸዋ ቱለማና የአርሲ ኦሮሞ በአንድ ሜዳ ተገናኘ፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ ተቀመጠ፤ ከከተማ የመጡት መኮንኖችና ጠበቆች በኦሮምኛ ንግግር አደረጉ። የመንግሥት ሹም በአስተርጓሚ ሲያናግረው ለኖረ ገበሬ፣ ኮከብ የደረደረ ጄኔራል በቋንቋው ሲናገር መስማት ምን ማለት እንደነበር ለመገመት ብዙ ማሰብ አያሻም። ቤተ መንግሥቱም ይህንኑ ሰማ። ከዚያ ወዲያ በየስብሰባው ፖሊስ አብሮ መዋል ጀመረ።

ዓይናችንን ለአፍታ ወደ ሩቅ እናንሳ። በዚያው ዓመት፣ በጥር 1958 መጨረሻ፣ የምሥራቅ ፓኪስታኑ የአዋሚ ሊግ መሪ ሼክ ሙጂቡር ራህማን ላሆር ከተማ ላይ ስድስት ነጥቦች አቀረቡ። ፓኪስታን እውነተኛ ፌዴሬሽን ትሁን፤ መሃሉ መከላከያንና የውጭ ጉዳይን ብቻ ይያዝ፤ ግብር የመጣሉ ሥልጣን የክፍለ አገሮቹ ይሁን የሚሉ ነበሩባቸው። የቤንጋል ጁት የሚያስገኘው የውጭ ምንዛሪ ምዕራቡን ያለማል፤ ቤንጋሊው በጦሩና በከፍተኛው ቢሮ ቦታ የለውም የሚል ቅሬታ ነበር ከኋላቸው ያለው። ጥያቄውን የተሸከሙትም የዳካ ጠበቆች፣ መምህራን፣ ጸሐፊዎች፣ ተማሪዎችና አነስተኛ ነጋዴዎች ናቸው። ቤንጋሊ መካከለኛ መደብ በ1944 ዓ.ም. ቋንቋው የመንግሥት ቋንቋ እንዲሆን ሲጠይቅ ተማሪዎቹ ዳካ ላይ በጥይት ወድቀውበታል። ቅሬታው ከእኛዎቹ ቅሬታ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ አንባቢ ያየዋል።

የሁለቱ መንግሥታት የመጀመሪያ ምላሽም ተመሳሳይ ነበር፤ ጥያቄውን በሴራ ወንጀል መክሰስ። ፓኪስታን ሙጂብንና 34 ሌሎችን «የአጋርታላ ሴራ» ብላ ፍርድ ቤት አቆመች። እኛ ዘንድ ደግሞ በ1959 ኅዳር በአዲስ አበባ አንድ ሲኒማ ቤት ቦምብ ፈነዳ፤ የማኅበሩ መሪዎች ታሰሩ፤ በዚያው ዓመት ማኅበሩ ታገደ። አቶ ኃይለማርያም ገመዳ በእስር ቤት ከደረሰባቸው ድብደባ የተነሳ ሞቱ። ጄኔራል ታደሰ ሞት ተፈርዶባቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠላቸው፤ ወደ ሐረርጌ ገለምሶም ተጋዙ።

መንገዶቹ የተለያዩት በየካቲት 1961 ነው። ዳካ ላይ ሕዝቡ ጎዳና ወጥቶ የአጋርታላው ክስ በየካቲት 15 ተነሳ፤ ሙጂብ ተፈቱ። አዲስ አበባ ላይ በዚያው ወር የማኅበሩ አባል መቶ አለቃ ማሞ መዘምር በስቅላት ተቀጣ። አዋሚ ሊግ ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በኅዳር 1963 ምርጫ፣ በምሥራቅ ፓኪስታን ከነበሩት 162 ጠቅላላ መቀመጫዎች 160ውን አሸነፈ። ያሸነፈውን ድምፅ ጦሩ አልቀበልም ሲል ጦርነት ሆነ፤ በታኅሣሥ 1964 ባንግላዴሽ ነጻ አገር ሆነች። ፓኪስታን ሕጋዊውን ጥያቄ ባለመስማቷ ግማሽ አገሯን አጣች። እኛ ምርጫ ስላልነበረን ጥያቄው የት እንደደረሰ የሚቆጥር ኮሮጆም አልነበረንም። ስለዚህ ወደ ጫካና ወደ ስውር ቤት ገባ። በሜጫና ቱለማ ዙሪያ ከነበሩት ተማሪዎች አንዱ ባሮ ቱምሳ በኋላ የኦሮሞ ነጻነት ግንባርን ከመሠረቱት መካከል ሆነ።

ጥያቄው ወደ ጫካ ለመግባቱ እኔ ጥፋቱን በመኮንኖቹ ላይ አላየውም። አንድ መንግሥት በሕግ መዝገብ ስሙን ያስመዘገበን፣ ደንቡን ያሳየን፣ ሊቀመንበሩን ያሳወቀን ማኅበር ዘግቶ ሲያበቃ የሚቀረው ስሙን የማይናገር ባላንጣ ነው። የታደሰ ብሩ መጨረሻም ይህንኑ ያሳያል። በ1966ቱ አብዮት ከግዞት ተፈቱ፤ ከደርግ ጋርም አልተስማሙም፤ ሸፈቱ፤ ተያዙ። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ታወጀ፤ የጢሰኝነት ዘመን በወረቀት አበቃ። በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ መጋቢት 10፣ ጄኔራሉና አጋራቸው ኮሎኔል ኃይሉ ረጋሳ ተረሸኑ። የጢሰኛው ልጆች ካነሱት ጥያቄ ግማሹ በተመለሰ በአንድ ወር ውስጥ ጠያቂዎቹ ተገደሉ ማለት ነው።

ማኅበሩ ከደርግ ውድቀት በኋላ ዳግም ቢከፈትም በ1996 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ መዛወሩን በመቃወሙ እንደገና ተዘጋ፤ መሪዎቹም ታሰሩ። ስለ መጀመሪያው ዘመን ኦላና ዞጋ «ግዝትና ግዞት» በሚለው መጽሐፋቸው በአማርኛ ጽፈዋል። ያ መጽሐፍ ብዙ ነገር አትርፏል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የ1955ቱ አባላት ያለፉት አልፈዋል፤ የቀሩት በዕድሜ ገፍተዋል። የመዋጮ ደረሰኝ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የኢተያን ስብሰባ የሚያሳይ ፎቶግራፍ፣ ከገለምሶ የተጻፈ ደብዳቤ በአባታችሁ ሣጥን ውስጥ ያላችሁ ልጆችና የልጅ ልጆች፣ ምስጥ ሳይበላው ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውሰዱት፤ ወይም ቢያንስ ገልባጭ ፈልጋችሁ አስገልብጡት።