ሞትን የፈራው ሰባኪ

ዛሬ የምናወራው ስለ ፍርሃት ነው። ርእሱን ሲሰማ «እኔ አማኝ ነኝ፣ ምን ያስፈራኛል?» የሚል ሰው ይኖራል። እሰየው፣ ጌታ ይመስገን! ይህ ትምህርት ግን እሑድ በጉባኤ መካከል እጁን አንሥቶ «አሜን» ብሎ፣ ሰኞ ሌሊት ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ለሚያድር ሰው ነው።

እኔም እንደዚያ ያደርኩበት ጊዜ አለ። የሕክምና ምርመራ ውጤት እየጠበቅሁ ነበር። በዚያው ሳምንት ስለ እምነት ሰብኬ ሕዝቡ ተጽናንቶ ወደ ቤቱ ሄዷል። ሰባኪው ግን እንቅልፍ አጣ። ለሽማግሌዎቹ እንኳ አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ ልንገራቸው? ሰባኪው ፈራ ሊባል ነው እኮ! ውጤቱ ደህና ሆነ፤ ያ ሌሊት ግን ከልቤ አልወጣም። በኋላ የጆን ዌስሊን ታሪክ ሳነብ ነው ብቻዬን እንዳልነበርኩ የገባኝ።

ጆን ዌስሊ በ1703 በእንግሊዝ አገር ከካህን ቤት የተወለደ ሰው ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በኦክስፎርድ ተምሮ እዚያው መምህር ሆነ፣ ቅስናም ተቀበለ። ከወንድሙ ከቻርልስና ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስ ያጠናል፣ እስረኞችን ይጠይቃል፣ ድሆችን ይረዳል። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። አዎ፣ በትክክል ሰምታችኋል፤ ረቡዕና ዓርብ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት! የእኛ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ሰውየው ጎረቤቱ ሳይመስለው አይቀርም። ተማሪዎቹ «ሜቶዲስት» እያሉ ያሾፉባቸው የነበረው ሁሉን ነገር በሥርዓትና በሰዓት ስለሚያደርጉ ነው። ስድቡ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ስም ሆኖ ቀረ።

ታዲያ ይህ ሰው በ1735 ወደ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ወደምትባለው አዲስ ቅኝ ግዛት ሊሄድ ተነሣ። ለቅኝ ግዛቱ ሰዎች ካህን ሊሆን፣ ለአገሬው ተወላጆችም ወንጌል ሊሰብክ ነው። ነገር ግን ከመሄዱ በፊት በጻፈው ደብዳቤ ዋናው ዓላማው የራሱን ነፍስ ማዳን እንደሆነ አልደበቀም። ይህን ልብ በሉልኝ። ሰባኪ ሆኖ፣ ጾሞ፣ ጸልዮ፣ ነፍሴ ትድናለች ወይ የሚለው ጥያቄ ገና አልተመለሰለትም።

ሲመንድስ በተባለችው መርከብ ላይ ከእንግሊዞቹ ጋር ሃያ ስድስት ያህል የጀርመን አገር ክርስቲያኖች ተሳፍረው ነበር። ሞራቪያውያን ይባላሉ። አብዛኞቹ ቀደም ሲል ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ከምትባለው ምድር በእምነታቸው ምክንያት የተሰደዱ ሰዎች ወገን ናቸው፤ በ1722 ዚንዘንዶርፍ በሚባል መስፍን ርስት ላይ ሄርንሁት የተባለች መንደር መሠረቱ። ከትንሿ መንደራቸው ወደ ዓለም ዳርቻ ወንጌላውያንን ይልኩ ነበር። የእኛም አገር ከልባቸው አልጠፋችም። ፍሪድሪክ ሆከር የተባለ ሐኪም ወንድም በ1752 ወደ ሐበሻ ለመድረስ ብሎ ካይሮ ገብቶ ነበር፤ መንገዱ አልተሳካለትም እንጂ።

ዌስሊ እነዚህን ሰዎች ማነጋገር ስለፈለገ መርከቡ ላይ ጀርመንኛ መማር ጀመረ። ከቋንቋቸው በፊት ግን ሥራቸውን አየ። እንግሊዞቹ ተጸይፈው የማይነኩትን ዝቅተኛ ሥራ እነርሱ ለሌሎች መንገደኞች ይሠሩ ነበር። ገንዘብ ሲሰጧቸው አይቀበሉም። ይህ ለትዕቢተኛው ልባችን ይጠቅመዋል፣ አዳኛችን ከዚህ የበለጠ አድርጎልናል ይላሉ። ሰው ሲገፋቸው፣ ሲመታቸው፣ መሬት ላይ ሲጥላቸው ተነሥተው ዝም ብለው ይሄዳሉ። ዌስሊ ይህን ሁሉ በማስታወሻው ጻፈ። ከትዕቢት፣ ከቁጣና ከበቀል ነጻ እንደ ወጡ በዓይኑ አየ። ከፍርሃትስ ነጻ ናቸው ወይ? የሚለው ቀረው።

መልሱ የመጣው በጥር 1736 ነው። አትላንቲክ ውቅያኖስ ተናወጠ። አንድ ሌሊት ማዕበሉ የክፍሉን መስኮት ጥሶ ገብቶ ዌስሊንና አብረውት የነበሩትን አለበሳቸው። ዌስሊ በሕይወት መንቃቱን ሳያውቅ፣ ለመሞት ፈቃደኛ ባለመሆኑም እጅግ እያፈረ ተኛ። ሌላ ጊዜ ደግሞ እምነት የለህም እንዴ ብሎ ራሱን ገሠጸ። ግሣጼው ግን አልረዳውም። ወገኖቼ፣ ይህን ነገር እናውቀዋለን አይደል? «አትፍራ!» ብለን ራሳችን ላይ እንጮኻለን፤ ፍርሃቱ ደግሞ መልሶ ይጮኽብናል።

ጥር 25 ቀን እሑድ ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ዌስሊ ወደ ጀርመኖቹ ሄደ። አምልኮአቸውን በመዝሙር ሊጀምሩ ነበር። በዝማሬው መካከል ባሕሩ መርከቧ ላይ ወጣ። ዋናውን ሸራ ቀዳደደው፣ መርከቧን ሸፈናት፣ ውኃው በወለሎቿ መካከል ፈሰሰ፤ ጥልቁ የዋጣቸው እስኪመስል ድረስ። ከእንግሊዞቹ በኩል የሚያስፈራ ጩኸት ተነሣ። ሞራቪያውያኑ መዝሙራቸውን አላቋረጡም።

በኋላ ዌስሊ አንዱን አልፈራችሁም ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። ሰውየው እግዚአብሔርን አመስግኖ አልፈራሁም አለ። ሴቶቻችሁና ልጆቻችሁስ? ሲለው፣ እነርሱም ሞትን እንደማይፈሩ በየዋህነት መለሰለት። ሴቶቹና ልጆቹ! የኦክስፎርዱ መምህር ያልደረሰበት ቦታ ላይ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ዌስሊ ያን ቀን እስከዚያ ካየው ቀን ሁሉ የከበረ ነው ብሎ መዘገበው። እኔን የሚገርመኝ ቅር አለመሰኘቱ ነው። እኔ ብሆን «እነዚህ ሰዎች ባሕሩን አላወቁትም» ብዬ ራሴን አጽናና ነበር።

እንግዲህ ደቀ መዛሙርቱን አስታውሱ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ጌታ በታንኳው ኋላ ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል፤ እነርሱ ግን ስንጠፋ አይገድህም ወይ ብለው ቀሰቀሱት። ከማዕበሉ በላይ የተጨነቁት ጌታ ስለ እነርሱ ግድ የሌለው ስለመሰላቸው ነው። የፍርሃት ሥር እዚያ ጋ ነው፤ ለካስ እኔን አያስበኝም የሚለው ጋ። ሞራቪያውያኑ ባሕሩን አልናቁትም። አዳኛችን ለእኛ እንዲህ አድርጓል የሚሉትን ቃል በየቀኑ የሌላውን ሰው ቆሻሻ እየጠረጉ ሲኖሩት ቆይተው ነው ማዕበሉ የደረሰባቸው። በማዕበሉ ሌሊት አዲስ እምነት መፈለግ አላስፈለጋቸውም።

ጆርጂያ ሲደርሱ ሽፓንገንበርግ የተባለ የሞራቪያውያን መሪ ዌስሊን ኢየሱስ ክርስቶስን ታውቀዋለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ዌስሊ የዓለም መድኃኒት እንደሆነ አውቃለሁ አለ። እውነት ነው፤ አንተን እንዳዳነህስ ታውቃለህ? አለው። ዌስሊ እኔን ሊያድን እንደሞተ ተስፋ አደርጋለሁ ብሎ መለሰ። በኋላ ግን ይህ መልሱ ከንቱ ቃል እንዳይሆን እንደፈራ በማስታወሻው ጻፈ። «የዓለም መድኃኒት» እና «የእኔ መድኃኒት» በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይቀራረባሉ፤ በልብ ውስጥ ግን ዓመታት ሊያራርቃቸው ይችላል።

የጆርጂያው አገልግሎት አልሰመረም። ዌስሊ ከሰው ተጣልቶ፣ ተከስሶ፣ በ1737 መጨረሻ ተመለሰ። በመመለሻው መርከብ ላይ የጻፈው ልብ ይነካል። የአሜሪካን ተወላጆች ሊመልስ ሄዶ እንደነበር፣ እርሱን ግን ማን እንደሚመልሰው ጠየቀ። አደጋ በሌለበት ጊዜ እንደሚያምን፣ ሞት ፊት ለፊት ሲመጣ ግን ነፍሱ እንደምትታወክ አልሸሸገም። ብዙ የእምነት ጀግኖች ታሪክ ይህን ክፍል ዘልሎ ያልፈዋል። በየቤተ ክርስቲያናችንም «ፍርሃት ከጠላት ነው» ብለን የፈራውን ሰው አፉን እናስይዘዋለን፤ እርሱም ፍርሃቱን ይዞ ጥግ ይቀመጣል። ዌስሊ ባይጽፈው ኖሮ እኔ ያን ሌሊት ማንን አገኝ ነበር?

ለንደን ሲደርስ ፒተር ቦህለር የሚባል ወጣት ሞራቪያዊ አገኘ። ቦህለር መዳን በክርስቶስ በማመን ብቻ እንደሆነ ከመጽሐፍ ቅዱስ አስረዳው። ዌስሊ እምነት ስለሌለኝ ስብከት ልተው ወይ ሲለው፣ አትተው፣ እስክታገኘው ድረስ ስበከው አለው። ግንቦት 24 ቀን 1738 ምሽት ዌስሊ ሳይፈልግ በአልደርስጌት መንገድ ወደሚደረግ ስብሰባ ሄደ። አንድ ሰው ማርቲን ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈውን መግቢያ እያነበበ ነበር። ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ዌስሊ ልቡ በእንግዳ ሙቀት ሲሞቅ ተሰማው። በክርስቶስ ብቻ ታመነ፤ የእኔን ኃጢአት፣ የእኔንም አስወገደልኝ ብሎ ጻፈ። ከጆርጂያ የቀረው ጥያቄ መልስ አገኘ። ዕብራውያን 2፥14-15 ጌታ ሥጋና ደምን የተካፈለው በሞት ፍርሃት ዕድሜ ልካቸውን ባሪያ የሆኑትን ነጻ ሊያወጣ እንደሆነ ይነግረናል። በዚያ ምሽት ይህ ለአንድ ሰው በስሙ ደረሰው።

ታዲያ ፍርሃት በዚያች ሰዓት ጠፋ? አልጠፋም። በዚያው ሌሊት ደስታህ የት አለ የሚል ፈተና መጣበት። በቀጣዮቹ ወራት በመንፈስ የወደቀባቸው ቀኖች ነበሩ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ እንዲያውም ክርስቲያን አይደለሁም ብሎ እስከመጻፍ ደርሷል። ልዩነቱን እርሱ ራሱ እንዲህ አስቀመጠው፤ ፊት ሲታገል ይሸነፍ ነበር፣ አሁን ሲታገል ያሸንፋል። ትግሉ አለ ማለት ነው። በአንድ ጸሎት ፍርሃቱ ያልለቀቀው ወንድም ወይም እኅት ካላችሁ፣ ይህን ሰው አስቡት።

አምስት ዓመት እንለፍ። ጥቅምት 20 ቀን 1743 ዌስሊ ዌንስበሪ በምትባል ከተማ ሳለ ሕዝብ ተነሣበት። በምሽትና በዝናብ ከዳኛ ወደ ዳኛ ጎተቱት፤ ዳኞቹ ሊያዩት አልፈለጉም። ከዚያ የዋልሶል ሰዎች መጥተው ከፊተኞቹ ነጠቁት። ከኋላው አንዱ በዱላ ደጋግሞ ሊመታው ሞከረ፣ ዱላው ሳተ። ሌላው በሕዝቡ መካከል ጥሶ መጥቶ ሊመታው እጁን ከፍ አደረገ፤ ከዚያ በድንገት ዝቅ አድርጎ ራሱን ዳበሰውና ጸጉሩ እንዴት ለስላሳ ነው አለ! ጭንቅላቱን ፍለጡት የሚሉ ጮኹ፤ መጀመሪያ እንስማው የሚሉም ነበሩ። ዌስሊ ድምፁ እስኪዘጋ ተናገረ፣ ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ ጸለየ። ያን ጊዜ ከሕዝቡ ፊት የነበረው ጉልበተኛ፣ በቡጢ ግጥሚያ የታወቀ ሰው፣ ዞር ብሎ ሕይወቴን ስለ አንተ እሰጣለሁ፣ ተከተለኝ አለውና ከመካከላቸው አወጣው።

ያ በመርከብ ላይ በአፍረት የተኛው ሰው በዚያ ግርግር ውስጥ በንባብ ክፍሉ የተቀመጠ ያህል ሐሳቡ ረግቶ እንደነበር ጽፏል። አንድ ነገር ብቻ አንድ ጊዜ በልቡ አልፎ ነበር። ወንዝ ውስጥ ቢጥሉኝ በኪሴ ያለው ወረቀት ይበላሻል ብሎ አሰበ። እርሱስ ቀጭን ካፖርትና ቀላል ቡትስ ነው የለበሰው፤ ዋኝቶ ይሻገራል።