የ97ቱ ክርክርና የሰመራው ሽማግሌ ጥያቄ

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ በሉና ስለ 1997ቱ የምርጫ ክርክር ላውጋችሁ። እናንተ በየቤታችሁ አይታችሁታል፤ እኔ ያየሁት አዋሽ 7 ኪሎ ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሆኖ የአሰብ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ የአገሩ ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞሯል፤ አዋሽም ማታ ማታ በተሳቢ መኪና ትሞላለች፤ ሙቀቱ ቤት አያስቀምጥምና ቴሌቪዥኑን ግቢ ያወጡታል፤ ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ የባቡር ጣቢያው ሠራተኛም ዙሪያውን ይቀመጣል።

ከዚያም ክርክሩ ይጀመራል። በኢሕአዴግ በኩል እነ አቶ በረከት ስምዖን፣ በቅንጅት በኩል እነ ዶክተር ብርሃኑ ነጋና አቶ ልደቱ አያሌው፣ በኅብረት በኩል እነ ዶክተር መረራ ጉዲና ይቀርባሉ። አንዱ ተቃዋሚ ባለሥልጣኑን ፊት ለፊት «ተሳስታችኋል» ሲለው፣ ባለሥልጣኑም ተራውን ጠብቆ ሲመልስ አየን፤ አጠገቤ የነበረ ጎልማሳ ሾፌር የሻይ ብርጭቆውን ከንፈሩ አድርሶ ሳይጠጣ ቆየ። ትልቅ ነገር ነበር፤ ዛሬም ትልቅ ነው እላለሁ።

የመሬት ነገርም ተነሣ። ኢሕአዴግ መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ፤ ቅንጅት ገበሬው የመሬቱ ባለቤት ይሁን አለ።

እኔም በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ በአንድ ጭነት መኪና ወደ ሰመራ ወጣሁ፤ ገዋኔ ስንደርስ የአይሉ ተራራ በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር፤ ከዚያም ነፋሱ እንደ ምድጃ ወላፈን ፊታችንን እየገረፈው ሚሌን አለፍን፣ ሎግያን አለፍን፣ ሰመራም ደረስን። እዚያ አንድ የአፋር ሽማግሌ እጄን ስሞ፣ እኔም እጁን ስሜ፣ ጥላ ሥር ተቀመጥንና ዳጉ፣ ማለት የመንገዱን ወሬ፣ ጠየቀኝ። በዳጉ ያየኸውን ካየኸው፣ የሰማኸውን ከሰማኸው ለይተህ ትናገራለህ፤ መዋሸት ነውር ነው። ልጁ እያስተረጎመ ክርክሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ግን «ስለ ግጦሽ ማን ተናገረ?» አለኝ።

እኔ የሰማሁት አልነበረም፤ ይህንኑ ነገርኩት።

አያችሁ፣ የአፋር መሬት የጎሳ መሬት ነው፤ ከብትና ግመል በበጋ ወደ አዋሽ ዳር የሚወርድበት ነው። በንጉሡ ዘመን የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ በአሚባራም በተንዳሆም የጥጥ እርሻ የወንዙን ዳር ይዞት ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ ለግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመፈናቀል መብት አለው ይላል። ሽማግሌው የጠየቀው ስለዚህ መሬት ነው።

ከዚያም ግንቦት 7 መጣ፣ ሕዝቡም ተሰልፎ መረጠ፤ ቀጥሎም በውጤቱ ውዝግብ በሰኔና በጥቅምት ደም ፈሰሰ፤ ነገሩን ያጣራው ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋገጠ፤ ከተከራካሪዎቹ ዶክተር ብርሃኑ ከጓዶቻቸው ጋር ታሠሩ። ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲነጋገሩ ላየናቸው ሰዎች ያ ሐዘን እጥፍ ነበር።

በ2002ም በ2013ም ተከራካሪዎች ቴሌቪዥን ላይ ቀርበዋል። እኔ ገና የመሬት ነገር ሲነሣ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ፤ ስለ አዋሽ ዳር ግጦሽ የሚናገር ሰው እጠብቃለሁ፤ የሽማግሌው ልጅም ዛሬ ድረስ ሰመራ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ይጠይቀኛል።