መጀመሪያ የመቀመጫዬን፦ በአንዲት ደሴት ላይ ጦጣ የመቁጠር ታሪክ

በካሪቢያን ባሕር፣ ከፖርቶ ሪኮ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ካዮ ሳንቲያጎ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ስፋቷ 15 ሄክታር ገደማ ነው። ሰው አይኖርባትም። ነዋሪዎቿ ሪሰስ የሚባሉ፣ ፊታቸውና መቀመጫቸው የቀላ ቡናማ ጦጣዎች ሲሆኑ ቁጥራቸው ከሺህ ይበልጣል። እያንዳንዱ ጦጣ የተመዘገበ የልደት ጊዜ፣ የታወቀች እናት፣ የታወቀ መንጋና በገላው ላይ የተነቀሰ መለያ አለው። የልደት ምስክር ወረቀት የሌላቸው ሕፃናት በሚሊዮን በሚቆጠሩበት ዓለም፣ ይህች ደሴት የጦጣዎቿን የዘር ሐረግ በየትውልዱ ዘርዝራ ታውቃለች።

ለመሆኑ ጦጣ መቁጠር ለማን ምን ይጠቅማል? የእንዲህ ያለ ሥራ በጀት በተነሳ ቁጥር የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ያለው በደሴቲቱ ታሪክ ውስጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

■ በመርከብ የመጡት 409

ሪሰስ ጦጣ የትውልድ አገሩ እስያ ነው፤ ከአፍጋኒስታንና ከሕንድ እስከ ቻይና ይገኛል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን ላቦራቶሪዎች ፈለጉት። በ1908 ካርል ላንድስታይነርና ኤርዊን ፖፐር ቪየና ላይ የልጅነት ልምሻ፣ ማለትም ፖሊዮ፣ ከሰው ወደ ጦጣ እንደሚተላለፍ አሳዩ። በ1940 ደግሞ ያው ላንድስታይነር ከአሌክሳንደር ዊነር ጋር ሆኖ ዛሬ በየሆስፒታሉ የምንሰማውን "አር ኤች" የተባለ የደም መለያ ይፋ አደረገ። "ኦ ፖዘቲቭ ነኝ" የሚል ሰው ሁሉ ሳያውቀው የዚህን ጦጣ ስም ይጠራል፤ "አር ኤች" ከሪሰስ የተወሰደ ነውና።

ችግሩ አቅርቦት ነበር። ከሕንድ በመርከብ የሚመጡት ጦጣዎች ብዙዎቹ በመንገድ ይሞታሉ፤ የተረፉትም የሳንባ ነቀርሳ ይዘው ይደርሳሉ። በዚያ ላይ የዓለም ጦርነት እየሸተተ ነበር። በሳን ሁዋን የነበረው የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ከአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ አንድ መላ ዘየደ፦ ጦጣዎቹን አምጥቶ በደሴት ላይ ማራባት።

ሥራው ለክላረንስ ሬይ ካርፔንተር ተሰጠ። ካርፔንተር ዝንጀሮና ጦጣን በረት ውስጥ ሳይሆን በዱር ተከታትሎ በማጥናት ከቀደሙት አንዱ ነው። በ1938 ሕንድ ሄዶ ጦጣዎቹን ሰበሰበ፤ ከካልካታ ተነስቶም ለሳምንታት በባሕር ላይ አብሯቸው ተጓዘ። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ኢትዮጵያ በጣሊያን ወረራ ሥር ሦስተኛ ዓመቷን በያዘችበት ጊዜ፣ 409 ጦጣዎች ካዮ ሳንቲያጎ ላይ ተለቀቁ። ዛሬ ደሴቲቱ ላይ ያሉት ሁሉ የእነዚያ ልጆች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የገባ አዲስ ጦጣ የለም።

ከተለያየ ቦታ ተይዘው የማይተዋወቁ እንስሳት ባንድ ጊዜ ሲለቀቁ ደም የፈሰሰበት ጠብ ተነሳ። ብዙ ግልገሎች አለቁ። ቀስ በቀስ ግን መንጋ መንጋቸውን ለዩ፤ ደሴቲቱንም ተከፋፈሏት።

■ አውራውን ያየ፣ እናቲቱን ያላየ

ካርፔንተር አንድ ሙከራ አደረገ። ከመንጋዎቹ የአንዱን አውራ ወንድ፣ "ዲያብሎ" (በስፓኒሽ ሰይጣን ማለት ነው) የተባለውን፣ ይዞ ከመንጋው ለየው። ከዚያ ከሥሩ ያሉትን ኃያላን ወንዶች ተራ በተራ አነሳ። መንጋው ይዞት የነበረው ክልል ጠበበ፤ ውስጡም ተረበሸ። ዲያብሎ ሲመለስ ሥፍራውን መልሶ ያዘ። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ መሰለ፦ መንጋን የሚያቆመው ጉልበተኛው ወንድ ነው።

ዘመኑ በአውሮፓ አምባገነኖች የገነኑበት ነበር፤ በአንድ ጠንካራ ሰው የሚቆም ማኅበር የሚለው ሐሳብ ለብዙ ጆሮ እንግዳ አልነበረም። ካርፔንተር ያየውን አልዋሸም። የዘገበው በትክክል የሆነውን ነው። ችግሩ የተመለከተበት ጊዜ ማጠሩ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ለዓይን የሚጎላው የሚጮኸውና የሚነክሰው ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጦጣዎቹ እየተያዙ ለሕክምና ምርምር ተወሰዱ፤ ገንዘቡም ደረቀ። በ1950ዎቹ አጋማሽ በደሴቲቱ የቀሩት ከመጀመሪያዎቹ 409 ግማሽ አይሞሉም ነበር። ታሪኩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ማንም ባልደነቀው።

በ1956 ስቱዋርት አልትማን የተባለ የሃርቫርድ ተማሪ ደሴቲቱ ላይ ወረደ። አማካሪው በኋላ በጉንዳን ጥናቱ ዓለም ያወቀው ኤድዋርድ ዊልሰን ነበር፤ ወጪውን የሸፈነው ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ነው። አልትማን የሠራው ሥራ ሲሰሙት ተራ ነው፦ ጦጣዎቹን አንድ በአንድ ይዞ ነቀሳቸው፣ ለየብቻ እስኪያውቃቸው ድረስ ተመለከታቸው፣ ማን እንዳለና ማን እንደጎደለ ይመዘግብ ጀመር። ያ መዝገብ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

መዝገቡ ዓመታት ሲያስቆጥር ሌላ ታሪክ ብቅ አለ። በ1960ዎቹ ካርል ኮፎርድና ዶናልድ ሴድ እንደተመለከቱት ወንዶቹ ለአቅመ አዳም ሲደርሱ ከተወለዱበት መንጋ ወጥተው ይሄዳሉ። በሄዱበትም ሹመት የሚያገኙት በአብዛኛው በቡጢ ሳይሆን በቆይታ ነው፤ ቀድሞ የገባ ይቀድማል። ሴቶቹ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው እዚያው ናቸው። ሴት ልጅ ማዕረጓን ከእናቷ ትወርሳለች። የከፍተኛ እናት ልጅ ገና ሳትጠነክር ትልልቆቹ መንገድ ይለቁላታል፤ ቢነኳት እናቷ፣ አያቷና አክስቶቿ ይነሳሉና። እንዲያውም በእህትማማቾች መካከል ታናሺቱ ታላቋን ትበልጣለች፤ እናት በጠብ መካከል የምትቆመው ለታናሿ ነውና።

ይህ ግኝት የካዮ ሳንቲያጎ ብቻ አይደለም። ጃፓኖች የራሳቸውን አገር ጦጣዎች በስም እየለዩ ሲከታተሉ በ1958 ተመሳሳይ ነገር ጽፈዋል። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ማሳኦ ካዋይ በ1970ዎቹ ወደ ስሜን ተራሮች መጥቶ የእኛን ጭላዳ አጥንቷል። አልትማንም ከባለቤቱ ከዢን አልትማን ጋር ወደ ኬንያ ዘልቆ በአምቦሴሊ ዝንጀሮዎች ላይ እስከ ዛሬ የቀጠለውን ክትትል ጀመረ። በሦስቱም ቦታ ዘዴው አንድ ነው፦ እያንዳንዱን ለይቶ ማወቅ፣ ሳያቋርጡ መመዝገብ።

ለጥቂት ወራት የተመለከተ ዲያብሎን አየ። ለዓመታት የቆጠረ ግን ዲያብሎ መጥቶ የሚሄድ እንግዳ፣ መንጋው ደግሞ የአያቶች፣ የእናቶችና የልጆች ቤት መሆኑን አየ። የነገሥታትን ውጣ ውረድ ብቻ እየተከተለ ለሚጻፍ ታሪክ ሁሉ ይህ ልዩነት የሚናገረው አለ።

■ የጎደሉት ግልገሎች

ደሴቲቱ በዚህ ላይ ሳለች የጦጣዎቹ አገር ሌላ መከራ ውስጥ ነበረች። የፖሊዮ ክትባት ለመሥራትና ለመፈተሽ የሪሰስ ኩላሊት ተፈለገ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከሕንድ በየዓመቱ ከመቶ ሺህ በላይ ጦጣዎች ይጫኑ ነበር። ክትባቱ ስንት ሕፃን ከልምሻ እንዳዳነ የማያውቅ የለም። ዋጋው ግን ተከፍሏል። በ1955 መጀመሪያ በለንደን አውሮፕላን ማረፊያ ወደ 400 የሚጠጉ ጦጣዎች በአንድ መኪና ውስጥ ታፍነው ሞቱ፤ ሕንድም ለጊዜው ንግዱን አግዳ ነበር።

በ1959 እና በ1960 ቻርለስ ሳውዝዊክ ከሕንዳውያኑ ሚርዛ አዝሃር ቤግና ራፊቅ ሲዲቂ ጋር በሰሜን ሕንድ መንደሮች፣ ቤተ መቅደሶችና መንገድ ዳር ያሉትን ጦጣዎች ቆጠረ። ጦጣዎቹ ከሩቅ ሲታዩ ብዙ ናቸው። ዕድሜያቸው ሲለይ ግን ግልገሎቹ በጣም አንሰው ተገኙ፤ ነጋዴ የሚፈልገው ለጋውን ነውና። ጤነኛ የሚመስል መንጋ ተተኪ አልነበረውም። ይህ ደግሞ በግምት የማይታይ፣ በቆጠራ ብቻ የሚገኝ ነገር ነው።

ሕንድ በ1978 ወደ ውጭ መላክን ጨርሳ ከለከለች። ለሕክምና ብቻ ይውላሉ ተብለው የተላኩ ጦጣዎች በአሜሪካ ለጦር መሣሪያ የጨረር ሙከራ መዋላቸው አንዱ ምክንያት ነበር። ከዚያ በኋላ ቁጥራቸው ማገገም ጀመረ፤ እነ ሳውዝዊክም መቁጠር አላቆሙም ነበርና ማገገሙን በቁጥር አሳዩ።

■ መንጋጋ ቆልፍ

በካዮ ሳንቲያጎ ደንቡ ጣልቃ አለመግባት ነው። መኖና ውሃ ይቀርባል፤ በዓመት አንዴ ተይዘው ግልገሎቹ ይነቀሳሉ፣ ደም ይወሰዳል። ከዚያ ውጭ የታመመ አይታከምም፣ የተጣላ አይገላገልም።

አንድ ጊዜ ግን ደንቡ ተጣሰ። የሞቱትን መዝገብ የያዙት ሰዎች በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቴታነስ፣ በተለምዶ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው፣ ከዋነኞቹ ገዳዮች አንዱ መሆኑን አዩ። በጠብ የቆሰለ፣ ስትወልድ የተጎዳች በዚህ ይሞታሉ። በ1985 ጦጣዎቹ በሙሉ ተከተቡ። በመንጋጋ ቆልፍ መሞት ቆመ። የሰው ልጅ ክትባት የተፈተሸበት ፍጥረት በተራው ተከተበ ማለት ነው።

■ ማሪያ

በሴፕቴምበር 20 ቀን 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን መታ። ከደሴቲቱ ፊት ለፊት ያለችው የፑንታ ሳንቲያጎ መንደር ነዋሪዎች ውሃና ምግብ እንደሚያስፈልጋቸው አስፋልት ላይ በትልልቁ ጻፉ፤ ከሰማይ የተነሳው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። የጦጣዎቹ ጠባቂዎችም ከዚያው አካባቢ ናቸው። የገዛ ቤታቸው ፈርሶ ሳለ በጀልባ ወደ ደሴቲቱ ተመላለሱ፤ እንደገና ቆጠሩ።

አብዛኞቹ ጦጣዎች ተርፈው ተገኙ። ደሴቲቱ ግን ራቁቷን ቀርታለች። ከአረንጓዴ ልብሷ ከ60 በመቶ በላይ ጠፍቷል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚያገኘው መሬት ላይ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መኖ ይቀርባል፤ ጥላ ግን ማንም ሊያቀርብ አይችልም።

"መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ" ይላል ያገራችን ሰው። በካዮ ሳንቲያጎ የሆነው ቃል በቃል ይኸው ነው፤ የጦጣዎቹ ትልቁ ጉዳይ ጥላ ሥር መቀመጫ ማግኘት ሆነ። ሪሰስ ደግሞ በጠበኝነትና በማዕረግ አክራሪነት የታወቀ ነው። ተመራማሪዎቹ ጠቡ ይብሳል ብለው ቢጠብቁ አያስደንቅም ነበር።

የሆነው ተቃራኒው ነው። ካሚል ቴስታርድ፣ ሎረን ብሬንትና ባልደረቦቻቸው በ2021 ባወጡት ጥናት ጦጣዎቹ ከአውሎ ነፋሱ በኋላ ከብዙ ሌሎች ጋር ተጠጋግተው መቀመጥ፣ እርስ በርስም መታገሥ ጀመሩ። የነበራቸውን የቅርብ ወዳጅነት ከማጥበቅ ይልቅ አዳዲስ ጎረቤት አበዙ። ከሁሉ በላይ የተለወጡት ቀድሞ ብቸኛ የነበሩት ናቸው። በ2024 በወጣው ጥናት ደግሞ ነገሩ እስከ ሞት ሽረት ደረሰ፦ ከማሪያ በፊት ሌላውን አጠገብ የማስቀመጥ ትዕግሥት ከዕድሜ ርዝመት ጋር ያን ያህል ግንኙነት አልነበረውም፤ ከማሪያ በኋላ ግን ጥላውን የሚጋሩት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በለጠ። ለውጡም ለዓመታት ዘለቀ።

መከራው ግን ዋጋ አስከፍሏል። በ2022 የታተመ የደም ምርመራ እንዳሳየው ከአውሎ ነፋሱ የተረፉት ጦጣዎች የበሽታ መከላከያ ሥርዓት በአማካይ በሁለት ዓመት ገደማ አርጅቷል። በሰው ዕድሜ ሲመነዘር ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሆናል። በላያቸው ላይ ቁስል አይታይም፤ ደማቸው ውስጥ ግን ማሪያ ተጽፋለች። ጦርነት፣ ድርቅና መፈናቀል ባለፈበት አገር ሁሉ "ተርፏል" የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚደብቅ ለማሰብ ይህ ግኝት በቂ ነው።

■ የሚያቋርጥ ቆጠራ

ከእነዚህ ጥናቶች አንዱም ከአደጋው በኋላ ተነስቶ ሊሠራ አይችልም ነበር። "ተለወጡ" ለማለት በፊት ምን እንደነበሩ ማወቅ ያስፈልጋል። በሴፕቴምበር 2017 ያን የሚያውቅ መዝገብ የተገኘው ማሪያ የምትባል ነገር ባልታሰበበት ዘመን፣ ምንም አዲስ ነገር በማይታይበት ተራ ማለዳ፣ አንድ ሰው በጀልባ ተሻግሮ "ሁሉም አሉ" ብሎ ስለጻፈ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ለፖለቲከኛ አይመችም። ሪባን አይቆረጥበትም፤ የሚመረቅ ሕንፃም የለውም። አቋርጦ ከጥቂት ዓመት በኋላ መቀጠልም አይቻልም፤ ድልድይ ቢቆም ነገ ይጨረሳል፣ ያልተመዘገበ ልደትና ሞት ግን ወደ ኋላ ተሂዶ አይጻፍም። በስሜንና በመንዝ ጓሳ ጭላዳን ከማለዳ እስከ ማታ የሚከተሉ ሰዎች የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም። ደጋው በእርሻና በግጦሽ እየጠበበ፣ አየሩም እየሞቀ ሲሄድ ምን እየሆነ እንደሆነ የሚነግረን ዛሬ የተያዘው መዝገብ ብቻ ነው። ለዚያ መዝገብ የሚወጣው ብርና የሚመደበው ሰው በጀት ሲጠብብ መጀመሪያ የሚቀነስ ሳይሆን መጨረሻ የሚነካ መሆን ይገባዋል።