ሰንጢና ጣት፤ ስለ ታጣፊ ቢላ መቆለፊያ

በደቡብ ወሎ በጃማ ወረዳ፥ በደጎሎና በአካባቢዋ ያደገ ሰው ሰንጢን አስቀድሞ የሚያውቃት በአባቶች ኪስ ውስጥ ነው። ገመድ ለመቁረጥ፥ ጠፍር ለመሰንጠቅ፥ ሥጋ ለመዘልዘል ታገለግላለች። የአጎቴ ሰንጢ መቆለፊያ አልነበራትም። አንድ ቀን አዲስ ምራን ሊበሱ ጫፏን በጠፍሩ ላይ ተክለው ሲጫኑ፥ ስለቱ ተመልሶ በአመልካች ጣታቸው ላይ ታጠፈ። ቁስሉ ዳነ፤ ጣቱ ግን ከዚያ ወዲህ አልታጠፈም። እኔም መሐንዲስ ከሆንሁ በኋላ የዚያችን ሰንጢ መገጣጠሚያ ደጋግሜ አስቤበታለሁ።

የአገራችን ቀጥቃጭ ሲሠራው የኖረው ቢላ ይህን ጉዳት አያውቅም። የስለቱ ሥር በእጀታው ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ ማደሪያውም አፎት ነው። (ቀጥቃጩ በሙያው በመመስገን ፈንታ ሲሰደብበት መኖሩ፥ ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ስድቡን በአዋጅ እስከ መከልከል መድረሳቸው የሚታወቅ ነው።) ቢላው ኪስ እንዲገባ ሲባል ግን በስለቱና በእጀታው መካከል ምስማር ገባ፤ ችግሩም ከምስማሩ ጋር አብሮ መጣ።

ታጣፊ ቢላ በሮማውያን ዘመን ነበረ። በ17ኛው መቶ ዘመን ደግሞ በእንግሊዝ አገር የሼፊልድ ባለሙያዎች በእጀታው ጀርባ ሞላ አስገቡበት። ሞላው የስለቱን ሥር እየተጫነ ሲከፈትም ሲዘጋም ይይዘዋል፤ ይይዛል እንጂ አይቆልፍም። ሒሳቡ ቀላል ነው። ከምስማሩ 8 ሴንቲ ሜትር ርቆ በስለቱ ጀርባ ላይ የሚያርፍ የ1 ኪሎ ግራም ጫና፥ ከምስማሩ 8 ሚሊ ሜትር ላይ ያለውን ሞላ በ10 ኪሎ ግራም ያህል ይገፋዋል። በአጎቴ እጅ የሆነውም ይኸው ነው።

መቆለፊያ ይህን ጫና የሚሸከመው ብረትን ከብረት በማጋጠም ነው። ይሁን እንጂ የተቆለፈ ሰንጢ መዘጋቱ አይቀርም፤ ለመዝጋትም ቁልፉን መፍታት ግድ ነው። ስለዚህ አደጋው ከሥራው ሰዓት ወደ መዝጊያው ሰዓት ተዛወረ። ብዙ ሰው መቆለፊያን በብርታቱ ይመዝናል፤ እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ሲፈታ ጣት የት እንደሚቆም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1906 በአሜሪካ የፈጠራ መብት የተሰጠውን፥ በ1980ዎቹም ማይክል ዎከር ያሻሻለውን የጎን ላሜራ እንመልከት። ሰንጢው ሲከፈት ስስ ላሜራ ተወርውሮ ከስለቱ ሥር ኋላ ይቆማል። ለመዝጋት አውራ ጣት ላሜራውን ወደ ጎን ይገፋል፤ ይኸውም ስለቱ በሚመለስበት መንገድ ላይ ቆሞ ነው። ስለቱን ጥቂት አጥፎ ጣትን ማንሣት፥ ከዚያም መዝጋት ያስፈልጋል። የቸኮለ ይህን ይረሳል። በዚያ ላይ የጃማ ጥቁር አፈር በላሜራው መቀመጫ ገብቶ ከደረቀ፥ ላሜራው እስከ ቦታው አይደርስም፤ የተቆለፈ መስሎም ይከዳል። ዛሬ በየሱቁ ከሚታዩት ርካሽ ሰንጢዎች ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ናቸው።

በ1960ዎቹ የአሜሪካው የበክ ኩባንያ ያስፋፋው የጀርባ መቆለፊያ ይሻላል፤ መፍቻው ከስለቱ መንገድ ውጭ በእጀታው ጀርባ ነውና። ነገር ግን በአንድ እጅ ለመዝጋት የሚሞክር ሰው አራቱን ጣቶቹን በስለቱ ፊት ያሰልፋቸዋል።

በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው ቀላሉ ነው። በፈረንሳይ በሳቯ አውራጃ ጆሴፍ ኦፒኔል በ1890 የጀመረውን ባለ እንጨት እጀታ ሰንጢ፥ ማርሴል ኦፒኔል በ1955 ተሰንጥቆ የሚዞር ቀለበት ጨመረበት። ቀለበቱ ሲዞር የስለቱን መመለሻ ይደፍናል፤ ሲፈታም ጣት ከውጭ ነው። ከ2000 ወዲህም የተዘጋውን ስለት ጭምር እንዲቆልፍ ተደርጓል። እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ አብጦ ስለቱን ማጥበቁ ነውሩ ነው።

ለአጎቴ አንዲት ባለ ቀለበት ሰንጢ ወስጄላቸው ነበር። «ሥራ ታስፈታለች» ብለው አሟት። ቢሆንም ምራኑን ከበሱባት በኋላ ቀለበቷን በዝግታ አዙረው፥ የስለቱን ጀርባ በመዳፋቸው ገፍተው ዘጓት፤ ያ የማይታጠፈው ጣታቸው ወደ ጎን እንደ ተቀሰረ።