የአጋምና የእንጆሪ ሊከር

የዱር ፍሬ በአረቄ ተዘፍዝፎ፣ በስኳር ወይም በማር ጣፍጦ የሚዘጋጅ የቤት መጠጥ። ከፍራፍሬ ወይን ጠጅ የሚለየው ፍሬው ራሱ ስለማይፈላ ነው፤ አረቄው የፍሬውን ቀለም፣ ጣዕምና መዓዛ ይስባል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ሊከር ቢያንስ 15 በመቶ አልኮል ሊኖረው ይገባል።

እንጆሪና አጋም በኢትዮጵያ ደጋና ወይናደጋ በጫካ ዳርና በአጥር ሥር ይበቅላሉ።

እንጆሪን ለመለየት አያስቸግርም። አጋም ግን ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል፤ የቅርብ ዘመዱ መረንዝ ልብን የሚያቆም መርዝ አለው፣ በምሥራቅ አፍሪካም ለቀስት መርዝነት አገልግሏል። ሁለቱም ሲቆረጡ ነጭ ወተት ያወጣሉ፣ ፍሬያቸውም ሲበስል ይጠቁራል። ዋናው መለያ እሾህ ነው፦ አጋም አለው፣ መረንዝ የለውም። እሾህ የሌለውን ቁጥቋጦ መንካት አይገባም፤ ያጠራጠረም ፍሬ ይጣላል።

ለመዘፍዘፍ ሁለት ጊዜ የወጣው ዳግም አረቄ ይመረጣል፤ ቀጭን አረቄ ፍሬውን ከመበላሸት አያድነውም። ለአንድ ኪሎ የታጠበና የተንጠፈጠፈ ፍሬ አንድ ሊትር አረቄ ይበቃል። በመስታወት ዕቃ ተከድኖ ለአራት ሳምንት ያህል በጨለማ ይቀመጣል፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ተጣርቶ ይጣፍጣል። መዘፍዘፍ በአረቄው ውስጥ ያለን መርዛማ ሜታኖል አያስወግድም፤ ስለዚህ አወጣጡ ከማይታወቅ አረቄ መራቅ ግድ ነው።