ኮምፒዩተር የሙዚቃ መሣሪያን ማዘዝ የጀመረበት ታሪክና የደራሼ ፊላ

ኮምፒዩተር የኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያን እንዲያጫውት ከተፈለገ ዜማው አስቀድሞ ወደ ትንንሽ ትእዛዞች መከፋፈል አለበት። የትኛው ድምፅ ይነሣ? መቼ ይነሣ? መቼስ ይቁም? ይህ የሥራ ክፍፍል ለአርባ ምንጭና ለአካባቢው ሕዝብ እንግዳ አይደለም። በጋሞ ደጋ ዶርዜዎች ሲያዜሙ ድምፆች የየራሳቸውን ድርሻ ይዘው እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። በቀድሞው የጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ሥር የነበሩት ጎረቤቶቻቸው ደራሼዎች ደግሞ ፊላ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ አላቸው። አንዱ የፊላ ቱቦ የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ ዜማ የሚገኘው ብዙ ተጫዋቾች ተራቸውን ጠብቀው ሲነፉ ነው።

ወደ ኮምፒዩተሩ ታሪክ ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ማክስ ማቲውስ የተባለው መሐንዲስ በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ በአይቢኤም 704 ኮምፒዩተር ሙዚቃ የሚያሰማ ፕሮግራም አዘጋጀ። በዚያን ጊዜ ድምፁን ራሱን በስሌት የሚፈጥረው ኮምፒዩተሩ ስለነበር ሥራው እጅግ አዝጋሚ ነበር። በ1970 ግን ማቲውስና ሪቻርድ ሙር ግሩቭ በተባለው ሥርዓት ድምፅ የመፍጠሩን ተግባር ለሲንተሳይዘር ትተው ኮምፒዩተሩን አዛዥ ብቻ አደረጉት።

ይሁን እንጂ የአንዱ ፋብሪካ መሣሪያ ከሌላው ጋር ለመግባባት አይችልም ነበር። ይህን ችግር ለማስወገድ በተለይ ዴቭ ስሚዝና ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ ደከሙ። በጥር 1983 በካሊፎርኒያ የሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ሲንተሳይዘሮች በአንድ ገመድ ተገናኝተው ታዩ፤ ሚዲ የተባለው የጋራ ደንብም በዚያው ዓመት ታተመ። በዚህ ደንብ መሠረት 144፣ 60፣ 100 የሚሉ ሦስት ቁጥሮች ሲላኩ፣ የመጀመሪያው «በአንደኛው መሥመር ድምፅ አንሣ» ማለት ሲሆን ሁለተኛው የፒያኖን መካከለኛ ዶ፣ ሦስተኛው የአመታቱን ኃይል ያመለክታል። በ144 ፈንታ 128 ቢላክ ያው ድምፅ ይቆማል። መሥመሮቹም 16 ናቸው።

ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችም በእነዚህ አዳዲስ መሣሪያዎች ለመሥራት አልዘገዩም። የዋልያስ ባንድ ባልደረባ የነበረው ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ የአገሩን ዜማ ብቻውን ቀረጸ። በአገር ውስጥም ሙሉ ባንድ ይሠራው የነበረውን አንድ ኪቦርድ ተጫዋች የሚሠራበት ልማድ እየተስፋፋ ሄደ።

ነገር ግን ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ አለ። የሚዲ ቁጥሮች የተሰየሙት ኦክታቭን እኩል ለ12 በሚከፍለው በፒያኖ ሥርዓት ነው። የፊላው ድምፅ ግን የሚወሰነው በቱቦው ርዝመት ነው፤ ክራርም የሚቃኘው በጆሮ ነው። ስለሆነም የፊላን ዜማ እንዲሁ በቁጥር የሚመዘግብ መምህር ድምፁን ወደ ቅርቡ የፒያኖ ቁልፍ ይጎትተዋል። ተማሪውም ኪቦርዱን ትክክለኛ፣ የአያቶቹን መሣሪያ ግን የተበላሸ አድርጎ መቁጠር ይጀምራል።

መፍትሔው በዚያው በደንቡ ውስጥ ይገኛል። ድምፅን በጥቂቱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ትእዛዝ 16,384 ደረጃዎች ሲኖሩት፣ የሚሠራውም በየመሥመሩ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቱቦ የራሱን መሥመር መስጠትና በልኩ ማስተካከል ይቻላል። በ1992 ደግሞ ልዩ ልዩ ቅኝቶችን ለመመዝገብ የሚያስችል ተጨማሪ ደንብ ወጥቷል።

እንግዲህ በአርባ ምንጭና በአካባቢው ይህን ትምህርት የሚሰጥ መምህር ቅደም ተከተሉን ቢጠብቅ መልካም ነው። በመጀመሪያ ተማሪዎች የፊላ ተጫዋቾችን ያዳምጡ፤ ቀጥሎ የእያንዳንዱን ቱቦ ድምፅ ይለኩ፤ ከዚያም የማንን ተራ ማን እንደሚከተል ይጻፉ። ፕሮግራም ማዘጋጀት ማለት ይኸው ነው። ኮምፒዩተሩ በመጨረሻ ይምጣ፤ ዜማውንም እንደ ታዘዘው ይጫወት እንጂ አያርመው።